የካቻ ሌሊት

የባሌውን የሐረና ደን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ሲቃጠል ነው። በ1992 ዓ.ም. በጋ፣ ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍተን ዜና ስንጠብቅ፣ የባሌና የቦረና ደን እሳት ዛሬም አልጠፋም ይባላል። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው እሳት ሊያጠፋ ዘመተ፤ ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር ባለሙያ መጣ ተባለ። ሳምንታት አለፉ። እናቴ በጸሎቷ መሃል «ዝናቡን አውርድላቸው» ማለት ጀመረች፤ በመጨረሻም ለሰዎቹ የደረሰላቸው የበልጉ ዝናብ ነበር። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ልጅ ነኝና ደን ማለት ለእኔ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው። ሐረናም አንድ ዛፉን እንኳ ሳላይ ያዘንኩለት አገር ሆኖ በልቤ ተቀመጠ።

ታላቅ ወንድሜ የባዮሎጂ መምህር ሆኖ ባሌ ሮቤ ሲመደብ ይህን ያውቃል። ስልክ በደወለ ቁጥር «ነይና እዪው እንጂ» ይለኛል። «ወንድም ጋሼ፣ ክረምቱ ይውጣ» እለዋለሁ። ክረምቱ ይወጣል፣ ሥራ ይመጣል፣ ዓመቱ ይዞራል። በመጨረሻ አንድ ኅዳር ላይ፣ ያኔ ገና አላገባሁም፣ ሻንጣዬን ይዤ ከመናኸሪያ ተሳፈርኩ። ሻሸመኔን አልፈን፣ ዶዶላንና አዳባን በስንዴ ማሳ መሃል አቋርጠን፣ ዲንሾ ስንደርስ ጀምበር አዘቅዝቃ ነበር። ወንድሜ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ዲንሾ ላይ ነው። መግቢያ የሚከፈለውም ስካውት የሚባለው የፓርኩ ጠባቂ የሚመደበውም እዚያ ነው። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው ያነገቱ የሪራ መንደር ሰው ተመደቡልን፤ ወንድሜ «ኦቦ» ይላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ «መምህር» ይሉታል። የጎብኚዎች መዝገብ ላይ ስሜን ስጽፍ ከበላዬ ያሉትን ተመለከትኩ፤ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ሆላንድ፣ እስራኤል። ለመዝናናት የመጣ የአገሬን ሰው ስም ለማግኘት ወደ ኋላ ገጽ መግለጥ ነበረብኝ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሠርግና ለቅሶ እስከ አገር ዳር የሚያደርሰን ሰዎች፣ ደናችን ውስጥ አንድ ሌሊት ለማደር መንገዱ የሚረዝምብን ለምንድን ነው?

ከግቢው ሳንወጣ የደጋ አጋዘኖቹን አየን። ጥዱ ሥር ሴቶቹ ከነግልገሎቻቸው ሣር ይግጣሉ፤ ወንዱ ጠምዛዛ ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ ከሩቅ ይመለከተናል። እኔ እንደ ፊልም ሜዳ ሙሉ መኪና፣ አቧራና የሚሮጥ መንጋ ጠብቄ ነበርና ያን ያህል ቀርበው መቆማቸው አስደነገጠኝ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። የአውሮፓ ሳይንስ ስም ያወጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ከአፍሪካ ትላልቅ እንስሳት መካከል ዘግይተው ከታወቁት ናቸው። የአካባቢው ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ ማታ ጅብ ሲበዛ ወደ ሰው ቤት ይጠጋሉ ብለው ስካውቱ አጫወቱን።

ያን ሌሊት ሮቤ ወንድሜ ቤት አድረን በማግስቱ በተከራየነው ላንድክሩዘር ከጎባ ሽቅብ ወጣን። መጀመሪያ ጥዱ፣ ቀጥሎ ኮሶው፣ ከዚያ አሜጃው፣ ከዚያ አስታው እያጠረ እያጠረ ሄዶ ዛፍ የሚባል ነገር አለቀ። ሳነቲ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። በላዩ ላይ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል፤ በከፍታ ከራስ ዳሽን ቀጥሎ ከሚጠሩት ተራሮች አንዱ ነው። ጅብራው ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል። በጠዋት ኩሬው ላይ ስስ በረዶ ነበር። ራሴን ያዞረኝ ጀመር፤ ወንድሜ ውኃ አጠጣኝና «ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ አትሩጪ» አለኝ።

ቀይ ቀበሮዋን መጀመሪያ ያዩዋት ስካውቱ ናቸው። በጣታቸው አላሳዩንም፤ የሾፌሩን ትከሻ ነካ አደረጉና ሞተሩ ጠፋ። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች፤ ቀይ ጸጉር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ቀጫጭን ረጃጅም እግር። እኛን ከጉዳይ አልቆጠረችንም። ዓይኗ ያለው መሬቱ ላይ ነው። ከጉድጓዱ አፍ ትልቁ ፍልፈል ግማሽ ገላውን አውጥቶ ዙሪያውን ሣር ይነጫል፤ ይህም ፍልፈል ከባሌ ሌላ አገር የለውም። ቀበሮዋ ሆዷን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ አንድ እግሯን አንስታ ቆመች። ደቂቃዎች አለፉ። ከዚያ ዘለለች፤ ሳታ ወደቀች፤ ፍልፈሉም ገባ። ራሷን አራግፋ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደች። ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ስንት ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት ወንድሜን።

«በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ ተደምረው ከ500 አይበልጡም። ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ ነው፤ የቀሩት ሰሜን፣ ወሎ፣ መንዝ፣ አርሲ፣ ጥቂት ጥቂት።»

«ሰው ነው የጨረሳቸው?»

«ውሻ ነው» አለኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ማለቱ ነው። ከብት ጠባቂው ውሻውን ይዞ ወደ አምባው ይወጣል፤ ውሻው ከታመመ ቀበሮዎቹን ያስይዛቸዋል። በቤተሰብ የሚኖሩ፣ ማልደው ተሰብስበው የሚላላሱ እንስሳት ስለሆኑ አንዷን ከያዛት ለሁሉም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 እዚሁ ባሌ ወብ ሸለቆ ውስጥ በሽታው ገብቶ ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ የክፍል ድምፅ አልነበረም። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተመራማሪዎቹ በየመንደሩ እየዞሩ ውሾቹን እንደሚከትቡ ነገረኝ፤ ግን ውሻው ብዙ ነው፣ ከብቱም በየዓመቱ ይጨምራል።

ከዚያ በኋላ ምድር ያልቃል። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ሜዳው በደቡብ በኩል ድንገት ይቆረጥና ከሥር ደመና ብቻ ይታያል። ከድስት ክዳን ሥር እንደሚወጣ እንፋሎት ከገደሉ አፍ እየተነሳ ፊታችንን አረጠበው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ደመናው ውስጥ ገባ። ያ ከላይ ጉልበት የማይደርሰው አስታ እዚህ ትልቅ ዛፍ ሆኖ፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ረጅም አረንጓዴ የዛፍ ሽበት አንጠልጥሎ፣ ግንዱ በሽበት ተሸፍኖ ቆሟል። ውኃ ይንጠባጠባል። ዝናብ ግን አይዘንብም፤ ዛፎቹ ደመናውን ራሳቸው ይዘው ነው የሚያወርዱት። ወብ፣ ወልመል፣ ዱማል የሚባሉት ወንዞች ከዚህ ተራራ ተነስተው ነው ሶማሌ ቆላ ድረስ ሰውና ግመል የሚያጠጡት። እናቴ አዲስ አበባ ሆና የጸለየችለት ዝናብ ያረፈው እዚህ ላይ መሆኑን አሰብኩ፤ መስኮቱን ከፍቼ እጄን አወጣሁ።

ሪራን ስናልፍ ጃኬታችንን አወለቅን። ከአንድ ሰዓት በፊት በረዶ ያየ ሰው በላብ ይጠመቃል። ሐረና ከአምባው ጫፍ ሥር ተነስቶ እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ድረስ በአንድ ትንፋሽ የሚወርድ ደን ነው። ከላይ አስታና ኮሶ፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ዝግባና ሾላ፣ ከታች ወደ ዶሎ መና ሲቀርቡ በዛፍ ጥላ ሥር ራሱን ችሎ የበቀለ ቡና። ማንም አልተከለውም። ሰው የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሥሩን መመንጠርና በእጅ መልቀም ነው። ኅዳር የለቀማ ወቅት ነበርና ከታች የሚመጡት ሰዎች ቅርጫት ይዘው እየተሳሳቁ አለፉን።

ካቻ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ገላጣ ናት። ዙሪያዋን ደን ከቧታል፣ ባጠገቧ ወንዝ ይወርዳል። ድንኳን ተከልን። ወንድሜ እንጨት ሲሰበስብ እኔ ድስት ጣድኩ። ከእኛ ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ከብቶቻቸውን ሰብስበዋል፤ እሳት አያይዘዋል፤ አጠገባቸው ጆሮው የተቆረጠ ቡናማ ውሻ ተኝቷል። ስካውቱ ሄደው ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ። እዚህ አካባቢ ከብት በወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ይነዳል፤ ጎዳንቱ ይሉታል። ከብቱ ጨው ያለበትን የሆራ ውኃ ሊጠጣ ሲመጣ ባለቤቱ መንገድ ላይ ያድራል። የአባት የአያት መንገድ ነው፤ ፓርኩ ከመቋቋሙ በፊት የነበረ።

ፓርክ ሲባል ሰው የሌለበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ያን ማታ ግን እዚያው እሳት ዳር ተጠራን። ሽማግሌው ከሐረና ዛፍ ላይ ከሰቀሉት ቀፎ ያወረዱትን ማር አቀረቡልን፤ እኛም ዳቦና ሻይ ወሰድን። ያቀረብኩላቸውን ስኳር ለልጁ ሰጡት። ወንድሜ እያስተረጎመ አወራን።

ጨለማ ሲሆን ስካውቱ «አሁን ስሙ» አሉን። ያን ያህል ድምፅ በአንድ ቦታ ሊኖር ይችላል ብዬ አላስብም ነበር። ከወንዙ በኩል እንቁራሪቶች። ከጀርባችን ጉጉት። ከአቀበቱ አንድ ነገር ደጋግሞ እንደ ውሻ ጮኸ፤ ወንድሜ «ሌላ ከብት ጠባቂ አለ ማለት ነው» ሲል ስካውቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድኩላ ነው። እኛን ሸትቶ ነው።» ጅብ ከሩቅ። ከዚያ በላይ ከዛፍ ጫፍ አንድ ቅርንጫፍ ተሰበረና ሁሉም ዝም አለ፣ እንደገና ጀመረ። ስካውቱ ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዱን ይነግሩናል፤ ወንዱ ነው፣ ሴቷ ናት፣ ይህ ፈርቶ ነው፣ ይህ ጠግቦ ነው። በቀን ያየሁት ጫካ አረንጓዴ ግድግዳ ነበር። በጆሮ ሲሆን ግን ቤት ሆነ፤ ክፍሉ ሁሉ ሰው ያለበት።

ስለ እንቁራሪቶቹ ወንድሜ የነገረኝ ደግሞ ከሁሉም ያስደነቀኝ ነው። ከዚህ ደን ውጭ በዓለም ላይ የማይገኝ እንቁራሪት አለ። በሳይንስ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ስሙም ባሌንና ክሪስ ሂልማንን ያስታውሳል። ሂልማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እዚህ እየኖረ ስለ ፓርኩ አያያዝ የመጀመሪያውን ሰፊ ዕቅድ የጻፈ ሰው ነው። ዛፉ ከተቆረጠ፣ ጥላው ከሄደ፣ ያ እንቁራሪት የሚሸሽበት ሁለተኛ አገር የለውም። አንበሳና ነብር የሚያዝንላቸው አያጡም። ለእሱ ግን ማን ሬዲዮ ላይ ይናገርለታል?

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውሻው ተነሳ። አልጮኸም፤ ጸጉሩን አቁሞ ያጉረመርማል። ከብቶቹ እርስ በርስ ተጠጋጉ። ሽማግሌው አንዴ ብድግ ብለው እሳቱ ላይ እንጨት ወረወሩና ጨለማውን በኦሮምኛ ይገሥጹት ጀመር፤ እንደሚያውቁት ሰው ነበር የሚናገሩት። ከድንኳኔ ወጥቼ ወንድሜን ክንዱን ያዝኩት። ከወንዙ ማዶ ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያም እያጠረ እያጠረ ሄደ። ስካውቱ «እሱ ነው» አሉ፤ ከዚያ በላይ አላሉም። አንበሳ በደጋ ደን ውስጥ፣ ከደመናው ሥር። ውሻው ያን ጊዜ ፈነዳ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ጮኸ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ከፍርሃት ይልቅ ሌላ ነገር ነበር የያዘኝ። እንዲህ ያለ ነገር አገሬ ውስጥ እየኖረ እኔ ስንት ዓመት ሳላውቀው ተኝቻለሁ!

ከዚያ ወዲያ ማንም አልተኛም። ቡና ተፈላ። ወንድሜን አስተርጉምልኝ አልኩት፤ «ውሻው ተከትቧል ወይ?»

ሽማግሌው ሳቁ። ከታቢዎቹ ሪራ መጥተው ነበር፤ እሳቸው ግን ያኔ ከብት ይዘው ቆላ ነበሩ። ደጋ ሲመለሱ ሰዎቹ ሄደዋል። «ውሻ ከሌለኝ ከብት የለኝም» አሉ፤ «ሌሊቱን ራስሽ አይተሻል፣ ልጄ።»

«ቀይ ቀበሮዋንስ ይጠሏታል?»

«ለምን እጠላታለሁ? ጥጃዬን ነክታ አታውቅም። ሳነቲ ላይ ከከብቶቹ መሃል ገብታ ትሄዳለች። ፍልፈሉ ከብት እንጂ ቀበሮ አያይም፤ እሷም ትይዘዋለች።» ይህንን በኋላ ወንድሜ ጥናቱም ያረጋገጠው ነገር ነው አለኝ።

ያ ውሻ ከዓይኔ አልጠፋም። ልጁ አንገቱን አቅፎ ተኝቷል። ሌሊቱን ቤተሰቡን ከአንበሳ ያተረፈው እሱ ነው። ነገ ከብቱን ተከትሎ ሳነቲ ሲወጣ ደግሞ፣ ያየኋትን ቀበሮ ከነዘሯ ሊያጠፋ የሚችለውም እሱ ነው። በቀላሉ «ሰውየው ይውጣ» የሚሉ አሉ፤ «ምን አለበት፣ ተዉት» የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም መቀበል አልቻልኩም። ከብቱ በዝቷል፤ ሣሩ ተግጦ አልቋል፤ በደኑ ውስጥ የሚሠራው ጎጆ ጨምሯል፤ ይህን የማያይ ሰው እውነቱን ይሸሻል። ነገር ግን ጨለማውን በስሙ የሚጠሩትን ሽማግሌ አባሮ ደኑን የሚያድን ሰው አለ ብዬ አላምንም። እሳቸውን ያጣ ጫካ የሚሰማው ጆሮ ያጣል። መርፌው ነው እሳቸው ያሉበት ድረስ መሄድ ያለበት፤ ቆላ ከሆኑ ቆላ፣ ደጋ ከሆኑ ደጋ። ከብታቸው ስንት ይሁን በሚለው ንግግር ላይም መቀመጫ ሊኖራቸው ይገባል።

ሊነጋ ሲል ጉሬዛዎቹ ጀመሩ። አንዱ ከማዶ ያንን ወፍራም ድምፁን ሲያሰማ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ከታች ይመልሳል፤ ድምፁ ሸለቆውን ሞልቶ እኛን አልፎ ሄደ። ከዚያ ነጭ ካባቸውን እየነሰነሱ ከዝግባ ወደ ዝግባ ሲዘልሉ ታዩ። ጠዋት በእግር ወደ ቀርከሃው ሄደን የባሌን ጦጣም አየን፤ ዓይን አፋር ነች፣ ከቀርከሃ ለጋ ቅጠል ሌላ እምብዛም አትበላም፣ ቀርከሃው ከተቆረጠ እሷም የለችም። በየረጃጅሙ ዛፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ቀፎ የሰቀለ ሰው ያንን ዛፍ አይቆርጥም፣ ሌላውም እንዲቆርጥበት አይፈቅድም፤ ከብዙ ሕግ የሚሻል ጠባቂ ነው። መንገዱ ላይ ጭቃው ውስጥ የአንበሳው ዱካ ነበር። ስካውቱ መዳፋቸውን ዘርግተው አጠገቡ አኖሩት፤ መዳፋቸው አነሰ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት መስጠት እንደተጀመረ የነገረኝ ወንድሜ ነው፤ በሌሊት በፈረስ እየዞሩ የሚያስቀምጡላቸው አሉ ብሎ ሲያወራኝ በስልክ ድምፁ ከደስታ የተነሳ ይሰበራል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ባልደረቦቼ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። 2,150 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን ምድር ነው የተመዘገበው፤ ከነደመናው፣ ከነእንቁራሪቱ። ሽማግሌው ዜናውን ሰምተው እንደሆነ አሰብኩ። ምዝገባው ለእሳቸውና ለልጅ ልጃቸው አንድ ነገር ካልጨመረላቸው ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

ወንድሜ አሁንም ሮቤ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ሳነቲን ከትምህርት ቤታቸው መስኮት ያዩታል፤ ሐረና ውስጥ ያደረ ግን ከመሃላቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ ኅዳር ላይ የቻለውን ያህል ልጅ አሳፍሮ ወደ ካቻ ይወስዳቸዋል፤ አውቶቡስ ወላጆች ያዋጡለታል፣ ድንኳን ይዋሳል። ዘንድሮ የጎደለው ብርድ ልብስ ነው። እኔና የሰፈሬ ሴቶች እየሰበሰብን ነው፤ እስካሁን የሞላው አንድ ማዳበሪያ ሲሆን፣ ቅዳሜ በሮቤ አውቶቡስ እንልከዋለን።